በወገብ ታስሮ ስለሚሠራ ሽመና

ባለፈው ክረምት ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት ተዘግተው በቤታችን በነበርንበት ጊዜ፣ ታናሺቱ ልጃችን ተማሪ ቤት ሳይዘጋ የተዋሰችውን የሥዕል መጽሐፍ ይዛ መጥታ አንድ ሥዕል አሳየችን። ሥዕሉም በመካከለኛው አሜሪካ በጓቲማላ አገር የምትኖር አንዲት የማያ ወገን ሴት በምንጣፍ ላይ ተንበርክካ፣ ከወገቧ ጀምሮ እስከ ዛፍ ግንድ ድረስ ቀለሙ ብዙ በሆነ ክር ተይዛ የሚያሳይ ነበረ። ልጃችንም «አባዬ፣ ይህች ሴት ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?» ብላ ጠየቀችን። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ናትና የታሰረ ሰው ባየች ቁጥር ክሱን ማወቅ ትወዳለች።

እኛም ሴቲቱ እስረኛ ሳትሆን ሸማኔ መሆንዋን፣ የታሰረችውም በገዛ ሥራዋ መሆኑን ነገርናት። ዳሩ ግን «እንግዲያው ክሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?» ብላ ሁለተኛ ጥያቄ ባቀረበችልን ጊዜ መልስ አጣን። ሃያ ዓመት ያህል የሰው ክርክር ስንጽፍ ኖረን፣ በትከሻችን ላይ ያለው ነጠላ እንዴት እንደ ተሠራ ለአንዲት ሕፃን ማስረዳት አለመቻላችን አሳፈረን። ስለዚህ የዕረፍቱን ወራት ይህንኑ በመመርመርና በእጃችን በመሞከር አሳለፍነው። የሞከርነውንም፣ የተሳሳትነውንም፣ ከሥራ በኋላ ያለውን ጊዜያቸውን በአንድ የእጅ ሥራ ለማሳለፍ ለሚወዱ አንባቢዎቻችን እነሆ እንጽፋለን።

የአገራችን ሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹንም ወደ ታች ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ ክሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ በእጁም መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ድሩን ወጥሮ የሚይዝለት ግን የተተከለው እንጨትና የታሰረው ገመድ ነው። የጓቲማላና የፔሩ ሴቶች የሚሠሩበት ዕቃ ጉድጓድም መርገጫም የለውም። የድሩ አንደኛው ጫፍ በዛፍ ወይም በቤት ምሰሶ ላይ ይታሰራል፤ ሁለተኛው ጫፍ በሠራተኛይቱ ወገብ በስተኋላ በሚዞር ሰፊ መታጠቂያ ይያዛል። ወደ ኋላ ስታዘነብል ድሩ ይወጠራል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ስትል ይላላል። ስለዚህ የዕቃው ዋና ክፍል የሠራተኛይቱ ገላ ነው። እርስዋ መታጠቂያውን ፈትታ የተነሣች እንደ ሆነ በምድር ላይ የሚቀረው ጥቂት ዘንግና የክር ጥቅልል ብቻ ነው፤ ጠቅልላም በብብቷ ይዛው ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። በእስፓንያ ቋንቋ ስሙን የወገብ መሸመኛ ይሉታል። በእስያም ቢሆን በቡታን አገርና በቦርኒዮ ደሴት ይህንን የመሰለ ዕቃ ይገኛል።

ሥራው እጅግ ጥንታዊ ነው። በፔሩ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩት የሞቼ ሰዎች እስፓንያውያን ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በሠሩት አንድ የሸክላ ዕቃ ላይ፣ ሴቶች መታጠቂያቸውን ታጥቀው ድራቸውን ከምሰሶ አስረው ሲሠሩ ተሥለዋል፤ ዕቃውም ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። እንደዚሁም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1540ዎቹ ዓመታት ገደማ በሜክሲኮ የተዘጋጀ፣ የሜንዶዛ መጽሐፍ የሚባል፣ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የሚጠበቅ የሥዕል መጽሐፍ አለ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የአዝቴክ ወላጆች ልጆቻቸውን በየዕድሜያቸው እንዴት እንዳሳደጉ ተሥሏል። ሴት ልጅ ገና በሕፃንነቷ የመፍተያ ዕቃ ይታያታል፤ እንዝርት ማሾርን ትማራለች፤ 14 ዓመት በሆናት ጊዜ እናትዋ አጠገቧ ሆና በወገብ መሸመኛ ላይ ታስቀምጣታለች። ልጃችንን ያስደነቃት ግን ይህ አይደለም። በዚያው ገጽ ከላይ በኩል 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች ስለ ጥፋታቸው በሚጤስ በርበሬ ሲታጠኑ ይታያሉ። የበርበሬ ጢስ የአያቶቻችን ቅጣት ብቻ መስሏት ነበርና «እዚያም?» ብላ ጮኸች። በርበሬ ራሱ ከዚያ ምድር ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም የተዳረሰ ተክል መሆኑን ስንነግራት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ገረማት።

በጓቲማላ ዛሬም በዚሁ ዕቃ ይሠራል። ዊፒል የሚባለው የሴቶች ልብስ እንደ አገሩ ልማድ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ ተሰፍቶ የሚሠራ ነው፤ ምክንያቱም በወገብ መሸመኛ የሚወጣው ሸማ ስፋቱ የሠራተኛይቱ ሁለት እጆች ከሚደርሱበት ሊያልፍ አይችልም። የፍርድ ቤት ሰዎች በመሆናችን አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የማያ ሸማኔ ሴቶች ነጋዴዎች ጥለታቸውን በመኪና እየገለበጡ እንደሚሸጡት፣ የአገሩም ሕግ የጋራ ዕውቀታቸውን እንደማይጠብቅላቸው ገልጸው ለአገራቸው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ስለዚህ ጉዳይ ሕግ እንዲወጣ የሕግ አውጪውን ምክር ቤት አሳሰበ። እንግዲህ የእነዚያን ሴቶች ጥለት ገልብጦ መሸጥ ከዚህ ጽሑፍ የሚወሰድ አሳብ አይሁን። እኛ የምንማረው አሠራሩን ነው፤ ጥለቱንማ ከእናቶቻችን ቀሚስ ጠርዝ ላይ ልናገኘው እንችላለን።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ከቤት ውስጥም አይታጣም። ከአንድ አሮጌ የመጥረጊያ እንጨት ስንዝር ተኩል የሚሆኑ ሁለት ዘንጎች ይቆረጣሉ፤ እነዚህ የድሩን ሁለት ጫፎች ይይዛሉ። ድሩን ለሁለት የሚለይ አንድ ወፍራም ዘንግ ያስፈልጋል፤ እኛ ቀርከሃ አደረግነው፤ ቀላልና ልስልስ በመሆኑም ተስማማን። ክር የሚንጠለጠልበት አንድ ቀጭንና ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ማግ የሚጠመጠምበት ሌላ አጭር ዘንግ፣ በመጨረሻም ማጉን የሚመታ፣ ጠርዙ የሳሳ ጠፍጣፋ እንጨት ያሻል። በጓቲማላ ይህ መምቻ ከጠንካራ እንጨት እንደ ሰይፍ ተጠርቦ ይሠራል። እኛ ግን ለመዝገብ መስመር ማስመሪያ የምንጠቀምበትን የእንጨት ማስመሪያ አመጣን፤ እስከ ዛሬም ከዚያ የተሻለ አላገኘንም። ዘንጎቹ ሁሉ አናጢዎች በሚጠቀሙበት ሸካራ ወረቀት በደንብ ይፈተጉ፤ አንዲት ስንጥር የቀረች እንደ ሆነ ክሩን ሁሉ ትይዛለችና። ለመታጠቂያ አሮጌ ነጠላ አራት እጥፍ አጥፎ ሁለቱን ጫፎች በገመድ ማሰር ይበቃል። መታጠቂያው ከወገብ ዝቅ ብሎ በዳሌ ላይ መዋል አለበት፤ ከፍ ብሎ ወገብን የያዘ እንደ ሆነ በማግስቱ ከአልጋ መነሣት ያስቸግራል።

ስለ ክሩ አንድ ምክር አለን። በእጅ የተፈተለ ማግ ለስላሳና የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪ ድር አይሆንም። የድር ክር በየጊዜው ከጎኑ ካለው ክር ጋር ይፋተጋል፣ ይወጠራል፣ ይላላል፤ ለስላሳው ክር ይህንን ሳይችል ፀጉር አውጥቶ ይበጠሳል። የጓቲማላ ሴቶች የጥጥ ድራቸውን በበቆሎ አጥሚት ውኃ ነክረው ያጠነክሩታል። እኛ ወደዚያ ሳንደርስ በየሱቁ የሚሸጠውን የዳንቴል ክር ገዛን፤ ጥብቅ ሆኖ የተገመደና ልስልስ በመሆኑ ለመማር የሚሻለው እርሱ ነው። ነጭና አረንጓዴ ሁለት ጥቅል ክር ከአንድ መቀነት ተርፎ ለሁለተኛው ይደርሳል።

የመጀመሪያው ሥራ ጠባብ መቀነት ይሁን። ብዙ ሰዎች በጀመሩበት ቀን ነጠላ ሊሠሩ ያስባሉ፤ ይህ አሳብ ፊደል ሳይቆጥሩ ቅኔ ቤት እንደ መግባት ነው። ሁለት ጣት የሚሆን ስፋት፣ 60 የድር ክር፣ ከዚህ የበለጠ አይመኙ።

ድር ለማድራት በግቢ ውስጥ ሁለት ችካሎች ሦስት ክንድ ያህል አራርቆ መትከል ነው፤ ዝናም ከሆነ ደግሞ ሁለት በርጩማዎች ገልብጦ እግራቸውን እንደ ችካል መጠቀም ይቻላል። ክሩ በመጀመሪያው ችካል ላይ ይታሰርና ከዚህኛው ችካል ግራ ተነሥቶ ወደዚያኛው ችካል ቀኝ ይሄዳል፤ ዞሮም ከዚያኛው ግራ ወደዚህኛው ቀኝ ይመለሳል። ከላይ ሆኖ ለሚያየው የ8 ቁጥር ይመስላል፤ በመካከልም ሄያጁና ተመላሹ ክር ይሻገራሉ። ይህ መስቀለኛ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሁለት ክር ይሆናልና፣ 8 ዙር አረንጓዴ፣ 14 ዙር ነጭ፣ እንደገና 8 ዙር አረንጓዴ ብናደርግ 30 ዙር፣ ማለት 60 ክር ይመጣል። እጅ አንዱን ዙር አጥብቆ ሌላውን አላልቶ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በንዴት ያደራ ሰው ንዴቱን በድሩ ላይ ያነበዋል፤ የጠበቀችው ክር መጀመሪያ ትበጠሳለች፤ የላላችውም በሸማው ላይ ቁጭ ብላ ትታያለች።

ድሩ ከችካል ሳይወጣ በመስቀለኛው ወዲህና ወዲያ በሌላ ቀለም ክር ይታሰር። ይህንን ቃል ሁለት ጊዜ ብንጽፈው ደስ ባለን ነበረ። እኛ መጽሐፉን ሳንጨርስ ቸኩለን ድሩን ሳናስር አወጣነው፤ ያን ጊዜም 60ው ክር ሁሉ ተደባልቆ የትኛው የላይ የትኛው የታች እንደ ሆነ የማይታወቅ ሆነ። ከቀትር እስከ ማታ ልንለየው ደከምን፤ በመጨረሻም ቆርጠን ጣልነው። ባለቤታችን ቁራጩን ሰብስባ ለትራስ መሙያ አደረገችው።

ከታሰረ በኋላ በችካሎቹ ቦታ ሁለቱ የጫፍ ዘንጎች ይገባሉ፤ አንደኛው በምሰሶ፣ ሁለተኛው በመታጠቂያው ላይ ይታሰራል። አሁን ድሩ ሁለት ረድፍ ክር ሆኖ ይታያል። ከመስቀለኛው ወዲያ በምሰሶው በኩል ባለው ክፍተት ወፍራሙን ዘንግ እናስገባለን፤ ይህ ዘንግ አንደኛውን ረድፍ ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ከመስቀለኛው ወዲህ በእኛ በኩል ግን፣ ክሮቹ ተሻግረዋልና፣ በዚያ የበታች የነበረው ረድፍ በላይ ሆኖ ይገኛል። በዚህ በኩል ባለው ክፍተት ውስጥ ጠንካራ ክር አሳልፈን፣ በእያንዳንዱ የላይ ክር መካከል በጣታችን ወደ ላይ እየሳብን በቀጭኑ ዘንግ ላይ እናጠልቀዋለን። 30ው ክር እያንዳንዱ በአንድ ቀለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልጃችን «ክሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?» ላለችው መልሱ ይህ ነው፤ ወፍራሙ ዘንግ አንደኛውን ረድፍ ሲያነሣ፣ ቀለበት የያዘው ቀጭን ዘንግ ሁለተኛውን ያነሣል። የአገራችን ሸማኔ በእግሩ የሚያደርገውን እነዚያ ሴቶች በእጃቸውና በወገባቸው ያደርጉታል።

አሁን እግርን ዘርግቶ ወይም ተንበርክኮ በምንጣፍ ላይ መቀመጥ ነው። ወፍራሙን ዘንግ ወደ ራሳችን ስናቀርብ የድሩ አፍ ይከፈታል፤ መምቻውን አስገብተን በጠርዙ እናቆመዋለን፤ በተከፈተው አፍ ማጉን እናሳልፋለን። ቀጥሎ መምቻውን አውጥተን ወፍራሙን ዘንግ ወደ ምሰሶው እንገፋለን፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለን ድሩን እናላላለን፤ ያን ጊዜ ቀጭኑን ዘንግ በግራ እጅ ወደ ላይ ስናነሣ ሁለተኛው አፍ ይከፈታል። መምቻውን አስገብተን ወደ ሆዳችን አንድ ጊዜ በደንብ እንመታለን፤ እንደገና ማግ እናሳልፋለን። እንግዲህ ሥራው ይህ መደጋገም ብቻ ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው በማላላቱ ላይ ነው። እኛ ቀጭኑ ዘንግ አልነሣ ባለን ጊዜ ጉልበት የጎደለን መስሎን፣ ወደ ኋላ ተደግፈን በኀይል ሳብነው፤ ሦስት ክር አከታትሎ ተበጠሰ። ዘንጉ የሚነሣው በጉልበት ሳይሆን ጎንበስ በማለት ነው። ልጃችን የ11 ዓመት ልጅ ስትሆን ይህንን ከእኛ ቀድማ አወቀችው። በአገራችን መፍተሉ የሴት፣ መሸመኑ የወንድ ተብሎ ቢለይም፣ በዚህ ዕቃ ላይ ግን በቤታችን ያለው አለቃ እርስዋ ናት።

በዚያው ሰሞን አክስታችን ፍልሰታን በከተማ ልታስቀድስ ከገጠር መጣች። አንድ ቀን ከቅዳሴ ተመልሳ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ታስረን፣ ማስመሪያ በእጃችን ይዘን፣ የተበጠሰ ክር ስንቋጥር አገኘችን። ጥላዋን ሳታጥፍ ቆማ ተመለከተችንና «አባትህ ዳዊት ያስደገመህ፣ በፈረንጅ ተማሪ ቤት ያስገባህ ለዚህ ነው?» አለችን።

ይህንን ስትል የምታስበው ምን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በአገራችን ሸማውን ሁሉ ለብሶት የማይከብር ሰው አልነበረም፤ ሸማውን የሠራውን ሰው ግን ቁጢት በጣሽ ብሎ መስደብ የተለመደ ነበረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ሲያስነግሩ ብረት ሠሪውንና ሸማ ሠሪውን አንሥተዋል፤ በዚያው አዋጅ ጽሕፈት የሚያውቀውን ሰው ጠንቋይ እያሉ መስደብም ተጠቅሷል። እኛም ይህንኑ ጠቅሰን «እትዬ፣ በአዋጁ እኮ እኔና ሸማኔው በአንድ መዝገብ ነው የተጻፍነው» ብለን መለስንላት።

አክስታችን ከአጠገባችን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «አዋጁ አፍ ከለከለ እንጂ ዓይን አልከለከለም» አለች። ከጥቂት ጊዜም ዝም ካለች በኋላ፣ ፈትሏን ይዛ የምትሄድበት ሸማኔ ከአርባ ዓመት በላይ የቤተ ሰቡን ጋቢና ቀሚስ ሁሉ እንደ ሠራላት፣ የሠርጓን ኩታም የሠራው የእርሱ አባት እንደ ነበረ ነገረችን። «በዚህ ሁሉ ዘመን ከደጄ ቆሞ ፈትል ተቀብሎ ይሄዳል። ግባ ብዬው አላውቅም። እርሱም ልግባ ብሎኝ አያውቅም» አለች። እኛ የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ መነጽሯን አውጥታ ሥራችንን ጎንበስ ብላ አየችው። ጣቷን በሸማው ላይ አሳልፋ፣ ሳትቸኩል፣ ከዳሩ ወደ ውስጥ ቆጥራ አንዲት ክር ያዘች። «ይህችኛዋ ተዘልላለች፤ ከዚህ ጀምሮ ማግ አልያዛትም» አለችን። እውነትም አንዲት ነጭ ክር ከቀለበቷ ወጥታ ስንዝር ያህል በሸማው ላይ ተንሳፍፋ ኖሯል፤ እኛ ሁለት ቀን ስንሠራ አላየናትም። እንዝርት የያዘ እጅ በዓይን የማይታየውን በጣት ያገኘዋል። ፈትተን እስከ ስሕተቱ ድረስ መመለስ ግድ ሆነብን፤ አክስታችንም ስንፈታ ማጉን እየተቀበለች አጠነጠነችልን።

ስለ ማጉ ስንናገር፣ በዚህ አሠራር ድሩ ተጠጋግቶ ማጉን ስለሚሸፍነው፣ ማጉ በሸማው ፊት አይታይም፤ የሚታየው በሁለቱ ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የማጉ ቀለም እንደ ጠርዙ ቀለም ይሁን፤ የእኛ ጠርዝ አረንጓዴ ስለ ሆነ ማጉም አረንጓዴ ሆነ። ማጉን የሚስቡበት ኀይል እኩል ካልሆነ መቀነቱ እንደ ወንዝ አንድ ቦታ ይጠብባል፣ አንድ ቦታ ይሰፋል። የእኛ መቀነት ሲጀመር ሁለት ጣት ተኩል፣ በመካከሉ አንድ ጣት ተኩል፣ በመጨረሻውም ሁለት ጣት ነበረ። ስፋቱን በየጥቂቱ በአንድ ምልክት ባለበት የወረቀት ቁራጭ መለካት ይጠቅማል። ክር የተበጠሰ እንደ ሆነ ሌላ ክር ቀጥሎ መቋጠር ነው፤ ቋጠሮው ግን በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፍ ትንሽ ይሁን።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት የበለጠ መቀመጥ ለጀማሪ አይመከርም። ወገብ የዕቃው ክፍል ነውና ሲደክም ሥራውም ይደክማል። ደግሞም ዕቃው ተጠቅልሎ እስከ ነገ ቢቆይ አይቆጣም፤ ጉድጓድ አያስቆፍርም፣ ክፍል አይይዝም፣ በቤታችን ከመጽሐፍ ሣጥን ጀርባ ቆሞ ይኖራል። ሥራው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የድሩ አፍ እየጠበበ ይሄዳልና የመጨረሻውን ስንዝር መሥራት አይቻልም። የፔሩ ተራራ ሰዎች በዚህ ጊዜ መርፌ ይዘው ማጉን አንድ በአንድ እያስገቡ እስከ ጫፉ ይጨርሱታል፤ ሸማቸውም መቀስ ሳይነካው በአራቱ ጠርዝ የታሰረ ሆኖ ይወጣል። እኛ ትዕግሥቱ አልነበረንም፤ የቀረውን ክር ቆርጠን፣ አራት አራቱን ገምደን ዘርፍ አደረግነው።

አክስታችን በመስከረም ወደ አገሯ ስትመለስ ይህንን ጠማማ መቀነት ታጥቃ ሄደች። በጥቅምት ወር የአክስታችን ልጅ በስልክ ሲያነጋግረን፣ በመጨረሻ «እማዬ አንድ መልእክት አላት» አለን። ሸማኔው አዲስ ፈትል ሊቀበል መጥቶ ከቤት ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ መቀነቱን አሳይታው ኖሯል። እርሱም በእጁ ላይ ዘርግቶ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ ምቱ መልካም መሆኑን፣ ጠርዙ የጠበበው ግን ማጉን በቀጥታ ስለ ሳብነው መሆኑን ተናገረ። ማጉ ከመመታቱ በፊት በድሩ አፍ ውስጥ እንደ ቀስት ጎበጥ ብሎ ይተኛ፤ ያን ጊዜ ሲመታ የሚበቃውን ክር ራሱ ያገኛል ብሎ ላከብን።

ሁለተኛውን ድር ባለፈው ሳምንት አድርተናል፤ መስቀለኛውንም በቀይ ክር አስረነዋል። ማጉን እንደ ተነገረን ጎበጥ እያደረግን ሁለት ስንዝር ሠርተናል፤ ስፋቱ እስከ አሁን ሁለት ጣት ነው።